ከጽጌረዳው ኋላ የነበረው ቤት

ንጋት፣ ጎፋ

ጎህ ሳይቀድ ከቤት ወጣሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ከወንድሜ የተዋስኩት ሌንስ አለ፤ አበባውን ጥርት አድርጎ ከኋላው ያለውን ሁሉ እንደ ጉም የሚያደበዝዝ። ይህ ሌንስ እጄ ከገባ ወዲህ በሰፈሬ ያላነሳሁት አበባ የለም። የግቢያችን ዘበኛ እንኳ «ዛሬም አበባ?» እያለ ይስቅብኛል። ዛሬ ግን ወደ ሀና ማርያም ነኝ፤ እዚያ ጉድ የሆነ ጽጌረዳ እንዳለ አንድ ወዳጄ ነግሮኛል።

የታክሲው ረዳት ካሜራዬን አይቶ ጋዜጠኛ መሰልኩት መሰለኝ፣ የመንገዱን ጭቃ እንዳነሳ ጠየቀኝ። የማነሳው አበባ ነው ስለው ፊቱን አዞረብኝ።

ማለዳ፣ ሀና ማርያም

ከአስፋልቱ ወርጄ ኮረኮንቹን ያዝኩ። በአንድ በኩል አዲስ ፎቅ፣ በሌላ በኩል የጎመን መደብ፤ ላሞች ከሲኖትራክ ጋር መንገድ ይጋፋሉ። ጽጌረዳውን አንድ አሮጌ የጭቃ ቤት ደጅ ላይ አገኘሁት፤ ቀይ፣ ጤዛው ያልረገፈ። የቤቱ ባለቤት እማማ ጫልቱ ይባላሉ። እዚሁ ሰፈር ተወልደው፣ እዚሁ እያረሱ አርጅተዋል። ቤቱን የሠሩት ሟች ባለቤታቸው ናቸው።

«አንሳ ልጄ» አሉኝ። «ዛሬ ከዚህ ስለምንለቅ ለእኛም አንድ አስቀርልን።»

በቦታው መንገድ ሊያልፍበት ስለሆነ ሌላ ቦታ እንደተሰጣቸው ነገሩኝ። እኔ ግን ልቤ ጽጌረዳው ላይ ነው። የዛገ ቆርቆሮ፣ የተላጠ ግድግዳ፣ ያረጀ ሰማያዊ በር ከአበባ ኋላ ምን ያደርጋል? ተንበርክኬ፣ ተጠግቼ፣ ቤቱን አደበዘዝኩት። ካሜራው አንዴ ብቻ አሻፈረኝ ብሎ አበባውን ትቶ በሩን አጠራ። የተበላሸ ነው ብዬ አለፍኩት።

ቀትር፣ ጀሞ

ኮንዶሚኒየሞቹ መሃል ካለ ፎቶ ቤት ገብቼ ለእማማ ጫልቱ ምርጡን አሳጠብኩ። የምታትመው ልጅ ከአበባው ኋላ ያለው በጣም እንደሚያምር ነግራኝ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ቤት ነው አልኳት፣ እየተኩራራሁ።

ከሰዓት፣ ሀና ማርያም

መንገድ የሳትኩ መሰለኝ። ጽጌረዳው አለ፣ ቤቱ የለም።

ጎረቤት ተጠራርቶ አፍርሶታል። ቆርቆሮው ተነቅሎ ተደርድሯል፣ እንጨቱና በሩ አይሱዙ ላይ ተጭነዋል፤ አዲሱ ቦታ ላይ እንደገና ሊሠራባቸው። እንዲህ ያለ ሰው ሲለቅ ቤቱን ነቅሎ እንደሚሄድ እኔ ከየት ልወቅ? በኪራይ ቤት ያደግሁ ነኝ፤ ለእኔ መልቀቅ ማለት ቁልፍ ማስረከብ ነው። ጠዋት ያደበዘዝኩት ግድግዳ አሁን የአፈር ክምር ሆኗል። አይኔን ማመን አቃተኝ።

እማማ ጫልቱ ፎቶውን ተቀብለው አቀረቡት፣ አራቁት። አበባው ያምራል አሉ። ከዚያ ከአበባው ኋላ ያለውን ቡናማ ጉም በጣታቸው ነኩት።

«ቤቱስ ልጄ?»

የቤቱ ሌላ ፎቶ ይኖራቸው እንደሆነ ብጠይቅ፣ አንድም የለም። ካሜራዬን ከፍቼ ማገላበጥ ጀመርኩ። ጉም፣ አሁንም ጉም። የኮራሁባቸው ሁሉ ለእሳቸው ባዶ ናቸው። ከዚያ ያ የተበላሸው መጣ። ከፊት የደበዘዘ ቀይ ነገር፣ ከኋላ ሰማያዊው በር፣ የግድግዳው ስንጥቅ፣ ቆርቆሮው እስከ ሚስማሩ።

እማማ ጫልቱ ካሜራዬን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«በሩን እሱ ነው የቀባው» አሉ፤ እንባቸው መጣ። እኔም አልቻልኩም። የአይሱዙውን ሹፌር ፎቶ ቤት ደርሼ እስክመለስ እንዲጠብቀኝ ለመንኩት።

አመሻሽ፣ ጀሞ

ያቺው ልጅ ፎቶውን ስታይ ግራ ተጋባች።

«ይሄ እኮ ተበላሽቷል፤ አበባው አይታይም።»

«አትሚልኝ፤ ትልቅ አድርገሽ» አልኳት። «መኪናው እየጠበቀኝ ነው።»