የሀብቴ ግራ እግር

ሀብተጊዮርጊስ ሹፌር ነው። በሌላ ሥራ የሚያውቀው ሰው ቡታጅራ ውስጥ የለም። ቡኢ ተወልዶ፣ በረዳትነት ጀምሮ፣ አንዴ መሪ ከጨበጠ በኋላ ሌላ እንጀራ ፈልጎ አያውቅም። ማርሽ ሲቀይር ድምፅ አይሰማም፤ በዚህም ይኮራል፤ ኩራቱ አንዳንዴ ያናድደኛል። እኔ ጎሚስታው ደበሌ ነኝ፤ ስንት ጎማ ለጥፌለታለሁ፣ አንዱም በእሱ ጥፋት ተንፍሶ አያውቅም፤ ሁሌም ጥፋቱ የመንገዱ ነው። እንዲያም ሆኖ ሀብቴን እወደዋለሁ።

ነገሩ የሆነው ከሚሊኒየሙ ወዲህ፣ ከተማችን ኮብልስቶን በሚነጠፍላት ጊዜ ነው። ሀብቴ የማረቆ በርበሬ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ፣ ዳገት ላይ ኢሱዙው እምቢ አለው። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን አይሄድም፤ ጋቢናውን የተቃጠለ ነገር ሽታ ሞላው። በርበሬውን ለሌላ መኪና አስጭኖ፣ ባዶውን እያስታመመ መልሶ ከጎኔ ካለው ከሸረፋ ጋራዥ አስገባው።

ሸረፋ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፣ ከበድ ያለ ማርሽ አስገባና ፍሪሲዮኑን፣ ያንን ማርሽ ሲቀየር በግራ እግር የሚረገጠውን ፔዳል፣ ለቀቀ። ፍሪሲዮኑ ደህና ቢሆን ኖሮ ሞተሩ ወዲያው በጠፋ ነበር። አልጠፋም፤ ምንም እንዳልተፈጠረ መዞሩን ቀጠለ።

"ጨርሷል" አለ ሸረፋ።

"እንዴት ይጨርሳል? ባለፈው ክረምት አንተው አይደለህ የቀየርከው!"

ካምቢዮው፣ የማርሹ ሳጥን፣ ሲወርድ ሦስታችንም አየነው። የፍሪሲዮኑ ሸራ ተበልቶ አልቋል፤ ሸራውን የያዙት ሚስማሮች ወጥተው ቮላኖውን፣ ያንን ከሞተሩ ኋላ የሚዞረውን ከባድ ብረት፣ ቦይ ቦይ አድርገውታል። ፊቱ በሙቀት ብዛት ሰማያዊ ሆኖ ተሰነጣጥቋል። ባለፈው ጊዜ ብረት የሚላግበት ቶርኖ ቤት ወስደን አስተካክለነው ነበር፤ አሁን ግን ከመቀየር በቀር መላ የለውም።

"ፎርጅድ ዕቃ ነው የገጠምክልኝ" አለ ሀብቴ።

ሸረፋ ፍሪሲዮኑን የሚገፋውን ኩሽኔታ አንስቶ በጣቱ አዞረው፤ ተንቋቋ። "ይሄ ሥራ የሚኖረው ፔዳሉ ሲረገጥ ነው። እየው፣ አልቋል። ሀብቴ፣ ስትነዳ እግርህን ፍሪሲዮኑ ላይ ታሳርፋለህ።"

ለሹፌር ከዚህ የባሰ ስድብ የለም። ይህ ገና መንጃ ፈቃድ ያላወጣ ተማሪ የሚያጠፋው ጥፋት ነው። የሀብቴ ደም ፈላ።

"እኔ? በጊዮርጊስ! አንተ ክሪክ መያዝ ሳትለምድ እኔ ተሳቢ ስነዳ ነበር!"

ከዚያ ወዲያ ተኳረፉ። ቮላኖው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ሆነ። "ለጓደኛህ ንገረው፣ ኦርጅናል ካልሆነ አልቀበልም" ይለኛል አንዱ። "ለጓደኛህ ንገረው፣ ኦርጅናል ነው" ይለኛል ሌላው። በመካከላቸው ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ እጃቸውን ቢዘረጉ ይጨባበጣሉ።

ተገጥሞ ለሙከራ ሲወጡ ሸረፋ "ገላጋይ ያስፈልገናል" ብሎ እኔንም ጎትቶ አሳፈረኝ። እሱ መሀል ተቀመጠ፣ እኔ በሩ ጋ። የቡኢን መንገድ ያዝን። መኪናው ዳገቱን እንደ አዲስ ይጎትተው ጀመር፤ ሀብቴም ደስ ብሎት ያፏጫል። ሸረፋ ግን ከመሪው በታች ነበር የሚያየው።

"ሀብቴ፣ ግራ እግርህ የት ነው?"

"የት ይሆናል? መሬት ላይ ነዋ!"

"እርግጠኛ ነህ?"

"ማርያምን! ምን ሆነሃል አንተ?"

"እስቲ ጎንበስ ብለህ እየው።"

አየ። እግሩ ፍሪሲዮኑ ላይ ነበር።

ፉጨቱ ቆመ። ቀስ አድርጎ ዳር ያዘና ሞተሩን አጠፋ። እግሩን በእጁ አንስቶ መሬት ላይ አስቀመጠው፤ የሰው ዕቃ ይመስል ዝም ብሎ ያየው ጀመር።

"አልተሰማኝም" አለ። ሀብቴ እንዲህ ባለ ድምፅ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም።

ሸረፋ ወርዶ፣ ዞሮ የሀብቴን በር ከፈተና ጫማውን አወለቀለት። ካልሲው ከቁስል ጋር ተጣብቋል። ጫማው ውስጥ የገባች ጠጠር የውስጥ እግሩን በልታዋለች።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ምኑ?" አለ ሀብቴ። እንደቆሰለ እንኳ አያውቅም ነበር። እንባዬ መጣ፣ አልዋሽም። ሸረፋ የግሪስ እጁን ደህና አድርጎ ታጠበና፣ እግሩን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ፣ ለመጠጥ በያዝነው ውሃ ያጥበው ጀመር። "አይዞህ ወንድሜ" ይለዋል። ኩርፊያውን ሁለቱም ረሱት።

ጤና ጣቢያ ወስደነው ደሙ ሲመረመር ስኳር ተገኘበት። የእግሩን ስሜት የወሰደው እሱ ነው አሉን። በጊዜ ስለመጣ እግሩ ይድናል፤ መንዳት ግን በቃው። ሀብቴ አልተከራከረም። ደጅ ስንወጣ ብቻ "ለመንበረ ምን ብዬ እነግራታለሁ?" አለ። መንበረ ሚስቱ ናት።

"መኪናህን ሌላ ሰው ይነዳዋል" አልኩት።

"መኪናውንማ ማንም ይነዳዋል። እኔን ነው የምልህ። ያገባችው ሹፌር ነው። ሌላ ምን ነኝ?"

ሸረፋ እጁን ዘርግቶ የመኪናውን ቁልፍ ተቀበለው።

ስንመለስ መሪውን ሸረፋ ያዘ፣ ሀብቴ እኔ የነበርኩበት ቦታ ተቀመጠ። ቤቱ ደጃፍ ስንደርስ መንበረ የመኪናውን ድምፅ ሰምታ ነጠላዋን እያስተካከለች ወጣች፤ እንደ ልማዷም ቀጥ ብላ ወደ ሹፌሩ በር ሄደች። በሩ ሲከፈት ሸረፋ ወረደ።

ፊቷ አመድ መሰለ። "ባሌስ? ሸረፋ፣ ባሌን የት ጥለኸው መጣህ?"

ሀብቴ በወዲያኛው በር ወረደ። የተጠቀለለ እግሩን እየጎተተ፣ መኪናውን ተደግፎ በፊት በኩል ዞሮ መጣ።

"አለሁ መንበረ" አለ። "ከእንግዲህ የምወርደው በዚያ በኩል ነው።"

እግሩን አየች። ሸረፋ እጅ ላይ ያለውን ቁልፍ አየች። ሄዳ ብብቱ ሥር ገባችና ክንዱን ትከሻዋ ላይ አደረገች።

"በፈለግከው በር ውረድ" አለችው፤ "ብቻ ግባልኝ።"