በር ላይ የቆመው ላንድሮቨር

በ1973 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ፣ አሥር አለቃ ቢያዝንን ሐይቁ ዳር የወለቀ የብስክሌት ሰንሰለት ሲያስገቡ አገኘኋቸው። የሚሠሩበት ፖሊስ ጣቢያ ላንድሮቨሩን ቤታቸው ይዘው እንዲገቡ እንደፈቀደላቸው ሰምቼ ስለነበር፣ "መኪናውን ምን ነካው?" አልኋቸው።

"ምንም አልነካው፤ ራሴ መለስሁት፣ መምህር።"

ሰንሰለቱን እየጎተቱ አወጉኝ። መኪናው የተሰጣቸው ሲጠሩ ቶሎ እንዲደርሱ ነበር። ዘመኑ ግን የፖሊስ መኪና በር ላይ ሲቆም ሰው ሁሉ የሚደነግጥበት ነው። በመጀመሪያው ቀን ለምሳ ሲገቡ፣ አጥር የሚጋራቸው ጨርቅ ነጋዴው ኑርሑሴን ሊያስሩት የመጡ መስሎት በጓሮ ዘሎ ወረታ ከተማ ድረስ ሸሸ። በሦስተኛው ቀን ተመልሶ፣ "አንተ ሰው፣ ለምሳ መምጣትህን በምን ልወቅ? ጥሩምባ አታስነፋም እንዴ!" አላቸው። ተሳሳቁ። ከዚያ በኋላ ግን እሱም ሌላውም ጎረቤት እንደ ድሮው ብቅ ማለት ተወ።

"ሃያ ዓመት አብሮኝ የኖረ ሰፈር ባንድ ወር ሸሸኝ። የጣቢያችንን አዛዥ ሻምበሉን፣ 'ጌታዬ፣ የሚጠራኝ ሰው ከሌለ ቶሎ የምደርሰው የት ነው?' አልኋቸው። ቁልፉን ተቀበሉኝ።"

"አሁንስ ሰፈሩ እንዴት ነው?"

ብስክሌታቸው ላይ ወጡ። "ትናንት የኑርሑሴን ሚስት ሸምሲያ ልጇ ታሞባት በሬን ደበደበች። ጣቢያ ድረስ በብስክሌት ከንፌ፣ መኪናውን አምጥቼ ሐኪም ቤት አደረስኋቸው። ልጁ ዛሬ ተሽሎታል። መዘግየቱንስ ዘግይቻለሁ፤ ግን ጠሩኝ እኮ፣ መምህር!"