ሰባተኛው ደብተር

በማተሚያ ቤቱ አራሚውን «ደራሲው» ይሉታል። ይበሉት! ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ግን ጉዱን ታውቃለች፤ ስድስት ደብተር ሙሉ ጥያቄ እንጂ አንድ ታሪክ የለውም። «ምናብን የሚቀሰቅሰው ጥያቄ ነው» እያለ ያደነቁራታል።

ዛሬም ሰባተኛውን ደብተር ገልጦ፣ «አንዲት ሴት በሟች ባሏ ኮት ውስጥ ቁልፍ ብታገኝስ?» አላት።

«አግኝታለች እኮ!» አለችው። አምና የባሏን ኮት ለልጇ ልታስጠብብ የመጣች ደንበኛ፣ የሳጥኗ ቁልፍ ከገበሩ ሥር ሲወጣ «ጠፋ ብሎ ሃያ ዓመት ሲምልልኝ!» እያለች አንዴ ስትስቅ አንዴ ስታለቅስ እንደዋለች ተረከችለት።

እሱም እየተጣደፈ ጻፈ። ተመስገን ብላ አጮልቃ ብታይ፣ «ቁልፉ የሌላ ቤት ቢሆንስ?» ይላል።

«አንተ ሰውዬ፣ ታሪኩን መቼ ነው የምትጽፈው?» ብላ ጮኸችበት።

ፊቱ በራ። «ግሩም ጥያቄ!» ብሎ እሱንም መዘገበው።