መዳፍ ላይ የምትፈስ ጠላ

ንጉሡ ደብረ ታቦር ላይ በከተሙበት ዘመን፣ እኛ ከከተማው ወደ ገሳይ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አፋፍ ላይ ባለች መንደር እንኖር ነበር። ለንጉሡ መድፍ የሚሠራበት የጋፋት የመዶሻ ድምፅ እኛ ዘንድ አይደርስም፤ የጋፋት ወሬ ግን በየገበያው ቀን ከእህሉ ቀድሞ ይገባል። እኔ በዚያች መንደር ሙሽራ ሆኜ ከገባሁ ብዙም አልቆየሁም።

ከልጅነቴ ጀምሮ «ለምን?» ማለት አይታክተኝም። ጠላ የሚቀዳ ሰው ለእንግዳው ከመስጠቱ በፊት መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ የሚቀምሰው ለምን እንደሆነ ያልጠየቅሁት ሰው የለም። ባለቤቴ ልማዱ መርዝ ከሚፈሩ መኳንንት ቤት የወጣ ነው አለኝ። ታዲያ እኛ ጎጆ ውስጥ የትኛው መኰንን ተቀምጦ ነው ብዬ ብጠይቀው ተቆጣ። የደብራችን መሪጌታ ነገሩን ከቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አምጥተው ግማሹን በግዕዝ አስረዱኝ፤ ሲጨርሱ ከመጠየቄ በፊት የማውቀውም ጠፋብኝ። አማቴ ግን ነገር ማርዘም አይወዱም። ዝንብ ወድቆበት እንደሆነ ለማየት ነው ብለው ወደ ጌሾ ውቀጣዬ መለሱኝ።

አማቴ አፈ ስል፣ ባለሙያ ሴት ነበሩ። የእሳቸው ጠላ ያለበት ቤት ደቦ ሰው አያጣም። አንድ ነገር ብቻ ይገርመኝ ነበር፤ ያን የመሰለ ጠላ ጠምቀው እሳቸው ውኃ ነበር የሚጠጡት። ሆዳቸውን የሚያማቸው ይመስለኝ ነበር። ታናሹ ልጃቸው ከንጉሡ ሠራዊት ጋር ዘምቶ ወሬው ከጠፋ ከርሟል፤ ስለ እሱ ማንም ደፍሮ አያነሣባቸውም።

ወትሮ ለእንግዳ የምቀዳውም የምቀምሰውም እኔ ነበርኩ። የዚያን ዓመት ገብስ በተወቃ ዕለት ግን አራስ ነበርኩና ለደቦው አማቴ ራሳቸው ቀዱ። ዋንጫውን ሞልተው፣ ሳይቀምሱ፣ ለጎረቤታችን አባወራ ሰጡት። ሰውየው ጠጣ፣ መረቀ፣ ሲጫወት አምሽቶ ወደ ቤቱ ሄደ። በማግሥቱ ሆዱን ቆረጠውና ሳይሰነብት ሞተ።

ለቅሶው ሳያበቃ ወሬው ተነሣ። አልቀመሱም ተባለ። ባለፈው ክረምት በድንበር ተጨቃጭቀው እንደነበርም የሚያስታውስ ተገኘ። ከዚያው ጋን የጠጣው ሁሉ ደህና አይደለም ወይ ብል፣ ዋንጫው ውስጥ ነው የጨመሩት ተባልኩ። ሰው መጠርጠር ከጀመረ መልስ አያጣም፤ እኔማ ንዴቱ ጡቴን ሊያደርቀው ደርሶ ነበር። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ማረሻችን ነው። አንድ በሬ ከእኛ፣ አንድ በሬ ከሟች ቤት ነበር፤ በመቀናጆ ነበር የምናርሰው። የሟች ወንድም በሬውን አልሰጥም አለ።

ሽማግሎች መጡ። አማቴ በሟች ተዝካር ዕለት በገዛ እጃቸው የጠመቁትን ጠላ ይዘው ይምጡ፣ ሕዝቡ ፊት መዳፋቸው ላይ አፍስሰው ይቅመሱ፣ ነገሩም በዚያው ይብቃ አሉ። አማቴ ያን ጊዜ ነው ስለታቸውን የተናገሩት። ልጃቸው በሰላም እስኪመለስ ጠላም ጠጅም ላይቀምሱ ለእመቤታችን ተስለዋል። ሽማግሎቹ ስለቱን ማን ሰማ ብለው ጠየቁ። ከራሷ ከእመቤታችን በቀር ማንም አልሰማም አሉ አማቴ። ውኃ ሲጠጡ ሁልጊዜ አያለሁ ብዬ መሰከርኩ፤ ምራት ናት ተብዬ ታለፍኩ።

የተዝካሩ ጠላ ሲጠነሰስ ልለምናቸው ሞከርኩ። አንድ ጉንጭ ናት፤ እመቤታችን ችግርዎን ታውቃለች፤ ካልቀመሱ ዕድሜ ልክዎን ነፍሰ ገዳይ ተብለው መቅረትዎ ነው አልኳቸው። ማማሰያውን አስቀምጠው እጄ ላይ ያለውን ሕፃን አዩት።

«አንቺ የወለድሽውን ታቅፈሻል» አሉኝ። «እኔ የኔን በአንድ ጉንጭ ጠላ ልለውጠው?»

ማማሰያውን አንሥቼ ሰጠኋቸው።

በተዝካሩ ዕለት እንስራውን ራሳቸው አዝለው ሄዱ። እኔም ልጄን አዝዬ ከኋላ ተከተልኩ። ዳሱ ውስጥ ገባን። አማቴ እንስራውን አወረዱ፣ ዋንጫውን ሞሉ፣ ግራ እጃቸውን ዘረጉ። ሁሉም ሰው ያቺን መዳፍ ነበር የሚያየው። እሳቸው ግን እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ፤ ጠላውን አላፈሰሱም። የሟች ወንድም ለሽማግሎቹ፣ አያችሁ አይደል በሚል ዓይነት ራሱን ነቀነቀ።

ያን ጊዜ የሟች ሚስት ከተቀመጠችበት ተነሣች። ፀጉሯን ተላጭታ፣ ፊቷ በለቅሶ ቆስሎ፣ አቧራ የመሰለ ኩታ ለብሳለች። አማቴ ፊት መጥታ ቆመችና የገዛ መዳፏን ዘረጋች።

«ያፍስሱልኝ እሜቴ። እኔ እቀምስልዎታለሁ።»

ወንድምየው ተዪ ሊላት ብድግ አለ፤ ዞራም አላየችው። አማቴ ጠብ አደረጉላት። ቀመሰች። ቀጥላ ዋንጫውን ከእጃቸው ተቀበለችና እስከ አተላው ጨለጠችው። ዋንጫውን መለሰችና ተመልሳ ቦታዋ ተቀመጠች። አንድ ሽማግሌ ለእኔም ቅጂልኝ አሉኝና ሁሉም መጠጣት ጀመረ። በሬው በዚያው ሳምንት መጣልን።

የአማቴ ልጅ አልተመለሰም። ንጉሡ መድፋቸውን አስጎትተው ከአገራችን ሲወጡም፣ ከዚያ በኋላ ወታደሩ ሲበተንም፣ በመንገዱ ከሚያልፈው ሁሉ ብንጠይቅ አየሁት የሚል አልተገኘም። አማቴ ስለታቸውን እንደያዙ ሞቱ። በሕይወት ሳሉ እኛ ቤት በጠመቁ ቁጥር ያቺ የሟች ሚስት መዳፏን ዘርግታ ትቀምስላቸው ነበር። መንደርተኛው ከእሷ አይቶ ለመደው፤ ዛሬ በዚያ መንደር ጠላውን አስቀድሞ የሚቀምሰው ቀጂው ሳይሆን እንግዳው ነው። መንገደኛ ይስቅባቸዋል፤ ልጆቹም ከጥንት የመጣ ነው ብለው ይመልሱለታል።

አማቴን ከቀበርን በኋላ፣ ሁለታችን ጌሾ ስንለቅም፣ ያቺን ሴት ጠየቅኋት። ያን ዕለት የጠጣሽው ንጹሕ መሆናቸውን አምነሽ ነው ወይ አልኳት። ቅጠሉን መሸምጠጧን አላቆመችም።

«አላመንኩም» አለችኝ። «አላወቅሁማ። ግን የኔ ሰው ተቀብሯል። የሚጠብቁት ሰው የነበራቸው እሳቸው ናቸው።»