ያቃጠልሁት ክኒን

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርሁም። ለእናንተ የምነግራችሁም እንድታዝኑልኝ አይደለም። ማንም እንዳያዝንልኝ!

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ታናሽ ወንድሜ አንማው ሰው የማይሰማውን ድምፅ ይሰማ፣ ብቻውን ይጮህ ነበር። ጠበል ለጠበል ዞርን። በኋላ አዲስ አበባ ክኒን ታዘዘለትና ሰው ሆነ። ክኒኑን የሚሰጠን የዳንግላው ድሬሰር «ድኛለሁ ብለህ እንዳትተው፤ የዳንኸው ስለምትውጠው ነው» አለው። አንማው አረሰ፤ የጥሊሊዋን የሺን አገባ፤ ልጅም ወለዱ። የሺ ጧት ጧት ክኒኑን ከነውኃው ታቀርብለታለች፤ አንድ ቀን አልረሳችም።

ክኒኑ ግን ሰውነቱን ያከብደዋል። በጥር ጊዮርጊስ ፈረሰኞች ሲጋልቡ አንዱ «የአንማው ፈረስ ጆንያ ጭኗል!» ብሎ ጮኸ። ሕዝቡ ሳቀ። አንማው ራሱም ሳቀ። እኔ ግን ተቃጠልሁ። ምን አቃጠለኝ? ወንድሜ ጤነኛ መሆኑ አይበቃኝም ነበር?

በዓመቱ በዓሉ ሲቃረብ ክኒኑን እሳት ውስጥ ጨመርሁት። እኔ ነኝ የጨመርሁት፤ በዚህ እጄ።

«እትዬ፣ ምን አደረጉ? ዳንግላ ሄጄ ሌላ ላምጣ» አለች የሺ።

«እግርሽን እሰብረዋለሁ! ድሬሰሩ በቃው ብሏል በይው።»

ፈርታኝ አለችው። አመናት።

አንማው ያን ዓመት እንዴት ጋለበ! እልል አልሁ። ሁዳዴ ሳይጋመስ ድምፁ ተመለሰበት፤ ከምሰሶ ጋር በጠፍር አሰርነው።

ክኒኑን ማን እንዳስተወው ሊመረምሩ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። የሺ «እትዬ ናቸው ያቃጠሉት፤ በይው ያሉኝም እርሳቸው ናቸው» አለች። እኔስ? ተነሥቼ «አላደረግሁም» ብዬ በጊዮርጊስ ማልሁ። ሽማግሌዎቹም የእኔን መሐላ አምነው የእርሷን እንባ ናቁ። ሕፃኗን አዝላ በእግሯ ወደ ጥሊሊ ስትሄድ ቆሜ አየሁ። ለጎረቤት ድንበር፣ ለሰው በሬ ስሟገት የኖርሁ እኔ፣ ያን ቀን አፌ የት ገባ?

አንማው ከስንት መከራ በኋላ ወደ ክኒኑ ተመለሰ፤ እስኪሞት አላቋረጠም፤ ፈረስ ግን ዳግም አልወጣም። ሊሞት ሲል «እታለም፣ የሺን ምን በድያት ነው እንዲያ ያደረገችኝ?» አለኝ። ያኔም ዝም አልሁ። ዝም!

ልጅነት ነው አልልም፤ ሰይጣን አሳሳተኝም አልልም። የሺ በሕይወት ካለች ይህን አንብቡላት። ይቅር በይኝ አልላትም፤ በምን አፌ? «እውነትሽን ነበር» በሏት። በሽማግሌ ፊት፣ ጮክ ብላችሁ።