ይቅር ያልኳቸው ሰው

ይህን ነገር በአፌ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም ሌላ ሌላውን ስዘረዝር ይህችን ዘልያት ነው የኖርኩት። እናንተ አታውቁኝም፣ እኔም አላውቃችሁም፤ ለዚህ ይሆናል ለእናንተ መናገሩ የቀለለኝ። ለማያውቁት ሰው መናዘዝ ድፍረት ነው ወይስ ሌላ ሽሽት? መልሱን እኔ ብሰጥ ለራሴ አዳላለሁ።

ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ። ፒያሳ ውስጥ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ኋላ ባለ አሮጌ ፎቅ ላይ፣ አንድ መስኮት ያላት ክፍል አለችኝ። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ደንበኛ በሩን ከፍቶ ሴት ሲያይ «ባለሙያው የለም?» ይለኝ ነበር። «ባለሙያው እኔ ነኝ» እላለሁ። አንዳንዱ ይቅርታ ይጠይቃል፣ አንዳንዱ ላፕቶፑን አቅፎ ደረጃውን ይወርዳል። በዚያ ላይ ዓመታት ሲጨመሩ፣ መሳሳት ለሌላው ሰው የተፈቀደ ለእኔ ግን የተከለከለ ነገር መሰለኝ። ይህን የምነግራችሁ ሰበብ እንዲሆነኝ አይደለም። ትዕቢቴ ከየት እንደመጣ እንድታውቁት ያህል ነው፤ ከየትም ይምጣ ትዕቢት ትዕቢት ነው።

ጋሽ ታደሰ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው። ከምኒልክ አደባባይ ወረድ ብሎ በነበረ ግቢ ውስጥ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ልጅ የላቸውም፣ ባለቤታቸው እትዬ አልማዝም አርፈዋል። በወጣትነታቸው እሳቸው ክፍለ ሀገር ተመድበው ሲያስተምሩ ባለቤታቸው አዲስ አበባ ቀርተው ነበርና፣ እንደ ዘመኑ ሰው ደብዳቤ የሚላላኩት በካሴት ነበር። እትዬ አልማዝ ቴፑ ፊት ቁጭ ብለው ያወራሉ፤ ካሴቱ በሰው እጅ በአውቶቡስ ይሄዳል፤ ጋሽ ታደሰ እዚያ ሆነው ይሰሙታል። እትዬ አልማዝ ሲሞቱ ለጋሽ ታደሰ የቀራቸው አንድ ካርቶን ሙሉ ካሴት ነበር።

ካሴቶቹን ወደ ሃርድ ዲስክ የገለበጥኩላቸው እኔ ነኝ። «እነዚህን ከእንግዲህ ምን ያደርጉልዎታል ጋሽ ታደሰ፣ ሻግተዋል፣ ቤት ከሚያጣብቡ ይጣሏቸው» ያልኳቸውም እኔ ነኝ። ሰምተውኝ ጣሉ። ደንበኛን ሁሉ «ሁለተኛ ቅጂ ያዙ» እያልኩ የማደነቁር ሴት፣ የእሳቸውን ዲስክ ሁለተኛ ቅጂ ሳላደርግለት ነገ ዛሬ እያልኩ ተውኩት።

ዓይናቸው እየደከመ ሄደ። በስልክም በኮምፒውተርም ፋይል ፈልጎ መክፈት አቃታቸው። መላውን ያመጣሁት እኔ ነበርኩ። መታወቂያ ወረቀት የምታክል፣ ሊኑክስ የሚባል ሥርዓት የሚሠራባት ትንሽ ቦርድ አለች፤ ሙሉ ኮምፒውተር ናት፣ ግን ስክሪንም ኪቦርድም አትፈልግም። በእንጨት ሳጥን ውስጥ አስቀምጣታለሁ፣ ድምፅ ማጉያ እገጥምላታለሁ፣ አንድ ትልቅ ቁልፍ በይጄ ከብረት እግሮቿ ጋር አገናኘዋለሁ። መብራት ስታገኝ በራሷ ትነሳለች፤ ቁልፉን ሲጫኑት እትዬ አልማዝ ያወራሉ፣ ደግመው ሲጫኑት ዝም ይላሉ። ይህን ስነግራቸው ጋሽ ታደሰ እጄን ይዘው ረጅም ጊዜ አልለቀቁኝም።

የመጡት ጠዋት ነው፣ ዲስኩን በነጠላ ጨርቅ ጠቅልለው። እኔ ሥራውን ጀምሬ ነበር። የቦርዷ ሥርዓት የሚጻፍባትን ሚሞሪ ካርድ ኮምፒውተሬ ላይ ሰክቼ የተሰኩትን ዝርዝር አይቻለሁ፤ ኮምፒውተሩ ካርዷን ሁለተኛ ብሎ ሰይሟታል። ልጽፍባት ስል መብራት ሄደ። ቁጭ ብለን ጠበቅን። «እስከዚያው እኔ ልሰካው?» አሉ ጋሽ ታደሰ። የሚስታቸውን ድምፅ በገዛ እጃቸው ማስገባት ፈልገው ነው። ጣታቸውን ቀዳዳው ላይ መራሁላቸውና ሰኩት። በዚያው ቅጽበት መብራቱ መጣ። ደነገጡ፤ ሳቅን።

ኮምፒውተሩ እንደገና ተነሳ። ሲነሳ ያገኘውን ሁሉ እንደ አዲስ ቆጥሮ ሰየመ። የእሳቸው ዲስክ መሃል ስለገባ ሁለተኛው እሱ ሆነ፣ ካርዷ ሦስተኛ ሆነች። ይህ በእኛ ሥራ ጀማሪ የሚማረው ነገር ነው፤ የሚጻፍበት ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋልና፣ ለዚህ ነው ከመጻፋችን በፊት ዝርዝሩን ደግመን የምናየው። አንዲት አጭር ትእዛዝ ናት፣ አንድ ትንፋሽ አትፈጅም። እኔ አላየሁም። ቅድም ያየሁት ጭንቅላቴ ውስጥ ነበረና ከጭንቅላቴ «ሁለተኛ» ብዬ ጻፍኩ።

ጋሽ ታደሰ ስለ ሊኑክስ የሚያውቁት ነገር የለም። ግን ዕድሜ ልካቸውን ተማሪን «መልስህን አረጋግጥ» ሲሉ የኖሩ ሰው ናቸው።

«ልጄ፣ አንዴ ደግመሽ ብታዪው አይሻልም?» አሉኝ።

«ጋሽ ታደሰ፣ እኔ ይህን ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምሠራው» አልኳቸው።

ዓይናቸው ለደከመ ሰው ይህን አልኩ። ብዬም የኪቦርዱን ቁልፍ ተጫንኩ።

እሳቸው ማኪያቶ ሊጠጡ ወደ ታች ወረዱ። እኔ የዲስኩን ትንሽ መብራት ብልጭ ድርግም ስትል እያየሁ ተቀመጥኩ። ካርዷ መብራት እንደሌላት ትዝ ያለኝ ቆይቶ ነው። ከወንበሬ አልተነሳሁም፤ ገመዱን ነቅዬ የቀረውን እንኳ አላዳንኩም። ሲያልቅ ከፍቼ አየሁት። ዲስኩ የቦርዷን ሥርዓት ተሸክሟል። እትዬ አልማዝ የሉም።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው ኃጢአቴ። እስከዚህ ያለው ስሕተት ነው፤ በስሕተትማ ማን ይጠየቃል? ወደ ላይ ሲመለሱ ቦምቦሊኖ በወረቀት ጠቅልለው ይዘውልኝ ነበር፣ ወረቀቱ ዘይት ጠጥቶ። ፊቴን አጥርተው ማየት አልቻሉም። «አለቀ?» አሉኝ። እኔም የሰፈራችን ጠጋኝ ሁሉ አፉ ላይ የሚያኖራትን ቃል አወጣሁ። «መብራቱ ነው» አልኩ። ፒያሳ ውስጥ የተበላሸ ነገር ሁሉ ጥፋተኛው መብራት ነው፤ ማንም አይከራከርበትም፣ እሱም መልስ አይሰጥም። «ዲስኩን አቃጥሎታል።»

 ከዚያ አንዲት ጥያቄ ጠየቁኝ። እስከዛሬ ጆሮዬ ላይ አለች።

«እኔ ስሰካው ነው?»

አይደለም ማለት እችል ነበር። ውሸቴን እንኳ ሳላፈርስ፣ «ኧረ የእርስዎ ጥፋት አይደለም» ማለት እችል ነበር። ግን ጥፋቱ በእሳቸው ላይ ከተጫነ በእኔ ላይ ማንም እንደማይፈልገው ገባኝ። «ይመስለኛል» አልኩ።

ጋሽ ታደሰ በወንበሩ ላይ አንሰው ታዩኝ። ሁለቱን እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ስንት ቀን የደከምሽበትን አበላሸሁብሽ፤ ይቅር በይኝ ልጄ» አሉ። እኔን ይቅርታ ጠየቁኝ! እኔስ ምን አልኩ? «ምንም አይደል ጋሽ ታደሰ፣ ይቅር ብያለሁ» አልኩ። ሰው የራሱን ወንጀል በሌላው ላይ አድርጎ፣ በላዩ ላይ ምሕረት ሲያደርግ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አድርጌዋለሁ። ቦምቦሊኖውንም በላሁት፤ አልበላም ብል ይጠረጥራሉ ብዬ።

«ይህን ጣይልኝ» ብለው ዲስኩን ትተውልኝ ሄዱ። አልጣልኩትም። የጠፋ ፋይል የሚለቅም ፕሮግራም አስነስቼ ለቀናት አስፈለግኩ። የተጻፈበት ተጽፎበታል፣ አይመለስም። ሳይጻፍበት የቀረው ጫፍ ላይ ግን አንድ ካሴት ተረፈ። ሃያ ሦስት ደቂቃ።

«ታዴ፣ እንደምን ከረምክ» ብሎ ይጀምራል። ቆርቆሮው እንደሚያፈስ፣ ከሥሩ ሳፋ ሳይሆን ትልቁን ድስት እንደደቀኑ፣ የጎረቤት ሙሽራ ቀለበቷ ጣቷ ላይ አልገባ ብሎ በሳሙና እንደገባ ያወራሉ። መሃል ላይ ድመቷ ቴፑ ላይ ትወጣና ይቆጧታል። ይስቃሉ፤ ሲስቁ ያስላቸዋል። መጨረሻ ላይ «የምነግርህ አለቀ፣ ግን ካሴቱ ገና አላለቀም» ይሉና ምንም ሳይናገሩ ትንሽ ይቀመጣሉ። ትንፋሻቸው ይሰማል።

ያን ቀን ይዤው ሮጬ መሄድ ነበረብኝ። ግን እንዴት አድርጌ? ከተቃጠለ ዲስክ ድምፅ አይወጣም። ድምፁን ከሰጠኋቸው ዲስኩ አልተቃጠለም ማለት ነው፣ ዲስኩ ካልተቃጠለ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። የሒሳብ አስተማሪ ይህን ለማስላት ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል? ስለዚህ አስቀረሁት። የሰው ሚስት ድምፅ መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩ፣ ስሜ እንዳይጎድፍ።

ይህም ብቻ ቢሆን። ምሳ ሰዓት በሩን ከውስጥ ዘግቼ እሰማው ጀመር። መጀመሪያ ራሴን ልቅጣ ብዬ ነው። ኋላ ግን ለምጄው ነው፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ወድጄው ነው። እኔ ብቻዬን ነው የምኖረው። «እንደምን ከረምሽ» የሚለኝ ሰው የለም፤ ቆርቆሮዬ ቢያፈስ የምጽፍለት ሰው የለም። እትዬ አልማዝ ዝም የሚሉበት ቦታ ላይ ስደርስ ሰው አጠገቤ የተቀመጠ ይመስለኛል። ከባልየው ቀምቼ እኔ ተጽናናሁበት።

ጋሽ ታደሰን አንድ ቀን ኬክ ቤት አገኘኋቸው። አስተናጋጇ ስልኳን ይዛ መጥታ፣ አጠገባቸው ያለው ሶኬት ላይ እንዲሰኩላት ለመነቻቸው። እጃቸውን ከጠረጴዛው ላይ አነሡ። «እኔ አልነካም ልጄ፣ የእኔ እጅ ያጠፋል» አሏት። ቤታቸውም አምፖል የሚያበራላቸው ጎረቤት እንደነበር ኋላ ሰማሁ፤ ማብሪያ ማጥፊያውን እንኳ አይነኩም ነበር። እኔ ያን ቀን ማኪያቶዬን ጠጥቼ፣ ሰላም ብያቸው ወጣሁ።

የእሳቸው ሰፈር ፈረሰ። ጋሽ ታደሰ ከተማው ዳር ወዳለ ኮንዶሚኒየም ገቡ። ሰው ሁሉ በየአቅጣጫው ስለተበተነ ወሬያቸውን የምጠይቀው ጠፋ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔ ግን እያደር ከበደ፤ በተለይ መስኮቴን ከፍቼ ግቢያቸው የነበረበትን ሜዳ ሳይ። ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ።

ባለፈው እሑድ ሄድኩ። ሳጥኑን ሠርቼ ጨርሼዋለሁ፤ ቦርዷም፣ ድምፅ ማጉያውም፣ ቁልፉም አለ። በታክሲ ጭኔ ላይ አድርጌው ስሄድ ምን እንደምል እያጠናሁ ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ወጥቼ አንኳኳሁ። ግድግዳውን እየዳበሱ መጥተው ከፈቱ። ዓይናቸው ጨርሶ ጠፍቷል። በድምፄ ለዩኝና ደስ አላቸው፤ «የፒያሳ ሰው መጣልኝ» አሉ። ያጠናሁትን ሁሉ እዚያው በሩ ላይ ረሳሁት።

 ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ሰካሁትና እኔው ቁልፉን ተጫንኩ። ከአፌ ይልቅ በሳጥኑ መናገር ቀለለኝ፤ አሁንም በሌላ ሰው አፍ።

እስከ መጨረሻው ሰሙት፣ ዝምታውንም ጭምር። አላለቀሱም። ካለቀ በኋላ፣ «ይህ ከዲስኩ ነው» አሉ።

«አዎ» አልኩ።

«እንግዲያው አልተቃጠለም።»

 መልሴን አልጠበቁም። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁት፤ ያን ጠዋት ከመጀመሪያው ጀምረው እያሰሉት ነበር። ጨረሱና ወደ እኔ ዞሩ።

«ያን ጊዜ ይቅርታ ጠይቄሽ ይቅር ብለሽኝ ነበር» አሉ። «በይ ያንን ይቅርታሽን መልሰሽ ውሰጂ።»

ጉልበታቸው ላይ ልወድቅ ፈልጌ ነበር። ሰው እንደዚያ ሲያደርግ ሽማግሌ ሁሉ ያነሣዋል፣ እሳቸውም ያነሡኝ ነበር፤ ደግ ናቸው። ለዚያ ነው ያልወደቅኩት። ደግነታቸውን አንድ ጊዜ በልቼዋለሁ። ተነሥቼ ቦርሳዬን ያዝኩ። እጃቸው ጠረጴዛው ላይ ቁልፉን እየፈለገ ነበር፤ አልመራኋቸውም። ፈልገው ራሳቸው አገኙትና ተጫኑት። እኔ ወጣሁ።

እናንተንም ማሩኝ አልልም። መብራቱ አይደለም። የጋሽ ታደሰም እጅ አይደለም። እኔ ነኝ።