ጋሽ መቀስ ሐውልት ሲቆምላቸው

ጸጉር አስተካካዩ ጋሽ መቀስ ወሬ ከጀመሩ ማቆሚያ የላቸውም። የቸኮለ ሰው በሱቃቸው ደጃፍ ሲያልፍ አንገቱን ደፍቶ ነው። አንድ ቀን አባቷን ጸጉር ልታስቆርጥ ይዛ የመጣች ቀራጺ ጥግ ላይ ተቀምጣ ስታያቸው ቆየችና፣

«ጋሼ፣ አደባባዩ ላይ ለሚቆመው ሐውልት እርስዎን ብሠራስ?» አለቻቸው።

መቀሱ ከእጃቸው ሊያመልጥ ምንም አልቀረውም።

«እኔን? ምን ጀብዱ ሠርቼ?»

«ሥራ ላይ ያለ ሰው ነው የምፈልገው።»

ከዚያ ወዲያ ማን ይቻላቸው! ቀራጺዋ እየመጣች በእርሳስ ስትነድፋቸው፣ እሳቸው ሆዳቸውን አስገብተው፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው፣ ደንበኛውን ረስተው ይገተራሉ። በዚህ ጣጣ የአንዱ ምስኪን ቅንድብ ተላጨ። «ጋሼ፣ እባክዎ እኔን አይዩኝ» ብትል ማን ሰምቷት። ልብስ ሰፊዋ ባለቤታቸውም ለምረቃው አዲስ ሱፍ ሰፉላቸው።

ቀኑ ደረሰ። ዘመድ አዝማድ ከፊት ተደረደረ። ጨርቁ ሲገለጥ፣ ዝገት የለበሰ ግዙፍ ብረት ከመሬት ተነሥቶ እንደ ቀስት ጎብጧል፤ ጫፉ ሥር አንድ ክብ ቀዳዳ አለ። ዓይን የለ፣ አገጭ የለ፣ ሱፍ የለ። ሰዉ አጨበጨበ። አማቻቸው ግን ጮክ ብሎ፣ «ሌላ ጨርቅ አለ እንዴ? እሱንም ግለጡልና!» አለ።

«የቱ ጋ ነህ?» አሉ ባለቤታቸው በሹክሹክታ።

«እኔ ምን አውቄ!»

ጋሽ መቀስ ፊታቸው ፍም መስሎ ቀራጺዋን ለብቻዋ ያዟት።

«ልጄ፣ ምን በደልኩሽ? የአባትሽን ጸጉር ባበላሸው እንኳ እንዲህ አይደረግም!»

«ጋሼ፣ ደንበኛ ላይ ሲያጎነብሱ ያለው ጀርባዎ ነው እኮ። ቀዳዳው የደንበኛው ቦታ ነው።»

«ታዲያ ጭንቅላቱ የታለ?»

«የፈለገ ሰው ይምጣና የራሱን ያስገባ።»

«ሰው ፊት እያለው ጀርባው ይቀረጻል?» ብለው ሊቀጥሉ ሲሉ ከኋላቸው ሳቅ ሰሙ። ባለቤታቸው ሆዳቸውን ይዘው ይንፈቀፈቃሉ።

«ኧረ አንተው ነህ! ለዚህ ጀርባ ስንት ኮት ሰፍቻለሁ፣ አጣዋለሁ እንዴ?»

ጋሽ መቀስ አኮረፉ። በአደባባዩ ላለማለፍ ስንት ዙሪያ ጥምጥም ይሄዱ ጀመር። አንድ እሑድ ግን ካፊያ ሲያጣድፋቸው በዚያው አቋርጠው ሊያልፉ ሲሉ፣ ሰው ተሰልፎ አዩ። አንድ ጎረምሳ ጭንቅላቱን በቀዳዳው አስገብቶ ጓደኛው ፎቶ ያነሣዋል። ጋሽ መቀስ ዝም ብለው ሊያልፉ ሞከሩ። የጎረምሳው ጸጉር ግን ባንድ በኩል አጥሮ፣ ባንድ በኩል ጆሮውን አልብሶታል። አልቻሉም። ቀረብ ብለው አጎነበሱ።

«ይሄን ማን ነው የቆረጠህ?»

ልጁ ደንግጦ ሊወጣ ሲል ጆሮው ያዘው።

«አትንቀሳቀስ!» አሉ፣ ከኪሳቸው መቀስና ማበጠሪያ እያወጡ። ወዲያው ስለ ጸጉር፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ አማቻቸው ወሬውን ለቀቁት። ሰልፈኛው በሳቅ ሞተ። ፎቶ አንሺውም ብረቱንና ሰውየውን፣ ሁለቱንም እንደጎበጡ፣ አንድ ላይ አነሣቸው።

ዝናቡ ሲብስ ልጁም ጆሮውን አላቆ ከቀዳዳው ወጣ፣ ሰዉም ተበተነ። ጸጉሩ በግማሽ ቀርቶ ስለነበር፣ ልጁ ሰኞ ጠዋት ቀሪውን ሊያስጨርስ ሱቃቸው መጣ።